ሊቁ እኔ ነበርኩ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ መጠጤን፣ ሐሜቴን ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ። ሆድ ግን አልፈጀውም። ባለፈው ሰሞን ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደቅና፣ «አባ፣ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች አክሲዮን እንግዛ እንጂ! ገበያው ሲናወጥ ነው የሚገባው። የሚያስብ ማሽን እኮ ነው!» ስትለኝ ሳቄ መጣ። የሚያስብ ማሽን! እኔ እኮ አንድ ጊዜ የሚያስብ ማሽን ነበርኩ። እዚሁ ቦሌ።

እናንተ አታውቁኝም። ስለማታውቁኝ ነው የምነግራችሁ።

እትዬ ለተብርሃን ከቦሌ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ በተከራዩት ግቢ የጽሕፈት መኪና ያስተምሩ ነበር። ከትግራይ የመጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን በእነዚያ መኪኖች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የሰፈሩ ሰው ማመልከቻውንም ውሉንም እሳቸው ዘንድ ነው የሚያስመታው። እኔ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ አጥር ተደግፌ የምውል ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቀን እናቴን መንገድ ላይ አቁመው፣ «ምነው፣ ልጅሽ ጣት የለውም እንዴ? ላኪልኝ እንጂ» አሏት። ሄድኩ። ሳንቲም አልጠየቁኝም።

አቤት ያ ጊዜ! ቦሌ ያኔ እንዲህ በመስታወት ፎቅ አልታፈነም። አውሮፕላን ዝቅ ሲል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮሃል። ከሳሊተ ምሕረት በኩል ገበሬው በአህያ ጭድ ጭኖ ይመጣል፣ ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የበቀለበት ያኔ እርሻ ነው። ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን የማናውቀውን ሰው ሰላም ብለን ነው የምንወርደው። የእትዬ ለተብርሃን መስኮት ተከፍቶ የመኪኖቹ ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማል፣ መስመር ባለቀ ቁጥር ደወሏ ቅጭል ትላለች። በጾም ቀን ሕልበት የሚሉትን የትግራይ የባቄላ ወጥ ሠርተው ሁላችንንም ያበሉናል። «ብሉ፣ የተራበ ጣት ፊደል ይገድፋል» ይሉናል። ዛሬም ባቄላ ሲፈጭ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል።

ፊደሉን እንዳናይ እጃችን ላይ ጨርቅ ይጥሉብናል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ሽንኩርት እየከተፉ ማን እየመታ እንደሆነ በጆሯቸው ብቻ ይለያሉ። እኔ ፈጠን ፈጠን አድርጌ እመታና መጨረሻ ላይ ቆም ብዬ አንዷን በኃይል አሳርፋለሁ። «ወደይ!» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው በትግርኛ። «ወደይ፣ አትደብድባት! ምን አደረገችህ?» ያን ዐመል ሊያስጥሉኝ አልቻሉም። ሌላውን ሁሉ ግን አስተማሩኝ። የዛሬ እንጀራዬ ከእሳቸው ጨርቅ ሥር የወጣ ነው።

ከዚያ ነፃ ገበያ መጣ ተባለ፣ ኮምፒውተርም ተከትሎ መጣ። ሁሉ ነገር ባንዴ ተገለባበጠ። ባለጉዳዩ ንጹሕ ወረቀት ከማሽን ሲወጣ አየና እትዬ ለተብርሃንን ተዋቸው። ተማሪውም ሳሳ። አክሲዮን የሚባል ቃል ከጡረተኛው እስከ ባለሱቁ አፍ ገባ፣ ያልገዛ ሰው ባቡር ያመለጠው መሰለው።

በዚህ መሀል ነው ኢንጂነሩ የመጣው። እውነት ኢንጂነር ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ሁላችንም ግን እንደዚያ ነበር የምንለው። ከውጭ መጣሁ ባይ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ ሰው። ቪላ ተከራየ። በአማርኛ ሲጠይቁት አስቦ የሚመልስ ኮምፒውተር ሠርቻለሁ፣ ስሙ ሊቁ ይባላል፣ ነገ በየሱቁ ይገባል፣ ለማምረቻው አክሲዮን እየሸጥኩ ነው አለ። እኔን የቀጠረኝ በጽሕፈት ስለፈጠንኩ ነው። ሳሎን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ወዲያ ጓዳ ውስጥ ሌላ አለ፣ በሁለቱ መሀል ገመድ። እንግዳው ሳሎን ሆኖ ይጠይቃል፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እመልሳለሁ። ጥበቡ በቃ ይኸው ነበር። «እውነተኛው እስኪደርስ ነው» አለኝ ኢንጂነሩ። «አክሲዮን ልግዛ ወይ ካሉህ ግን አዎ ነው መልሱ።»

ደስ ይለኝ ነበር። ምን እዋሻችኋለሁ! ፈተና የወደቅኩት እኔ፣ ባለመኪና ነጋዴ ምክር ሲለምነኝ፣ ሰው እንደ አዋቂ ቤት ጫማውን አራግፎ ሲገባልኝ! አንድ ቀን የቆርቆሮ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ስለ ዋጋ ጠይቀውኝ ግራ ሲገባኝ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብዬ ተረት ጻፍኩላቸው። «ኧረ ይሄስ ከሂሳብ ሠራተኛዬ ይሻላል!» አሉ ሐጂ። «ደሞዝ አይጠይቅ፣ አያዛጋ!» አፌን በእጄ ይዤ ጓዳ ውስጥ በሳቅ ፈረስኩ። እኔ ሊቁ፣ እኔ አማካሪው።

ለእትዬ ለተብርሃን ኮምፒውተር ቤት ሥራ ገባሁ እንጂ የት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ድምፃቸውን ሰማሁ። ክው አልኩ። ኢንጂነሩ ሊጽፍላቸው ሲል፣ «ተወኝ ልጄ፣ ለዚህስ አላንስም» አሉና ራሳቸው ተቀመጡ። ፊደሎቹ አንድም ሳይሳሳቱ እኔ ፊት ተደረደሩ። «ልጄን ያሳደግሁባቸውን መኪኖች ሸጬ እዚህ ልግባ? ወይስ ይቅርብኝ?»

ማን ይዞኝ ነበር? ማንም። ኢንጂነሩ ሳሎን ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ይቅርብዎት ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ነው? ቃሏን እኮ ጣቴ ያውቃታል፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፣ አዎ። የጽሕፈት መኪና ዘመን ማለፉም እውነት ነበር፣ አዎ። ግን ሊቁ ውስጥ ምንም እንደሌለ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝና። እያወቅሁ ጻፍኩ። ፈጠን ፈጠን አድርጌ። «ይሽጧቸው። ዘመናቸው አልፏል።» መጨረሻዋንም እንደ ዐመሌ አሳረፍኳት።

ከወዲያ በኩል አንዲት ቃል መጣች፤ «እሺ»።

ሸጡ፤ ብሩንም ለኢንጂነሩ አክሲዮን ሰጡ። መኪኖቹን የወሰደው ነጋዴ ለብረቱ ይሁን ለምን እንደወሰዳቸው እንጃ። ክረምቱ ሳይወጣ የቪላው በር ተቆለፈ፣ ኢንጂነሩም ሽቶውም ጠፉ። ስንቱ ሰው በሩ ላይ አለቀሰ! እኔ በቀረችኝ ሙያ ሌላ ቢሮ ገባሁ። እትዬ ለተብርሃን ኪራዩን መክፈል ስላልቻሉ ግቢውን ለቀው ላምበረት አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ገቡ። እኔስ? መንገድ መቀየር ጀመርኩ። ያጎረሰኝን እጅ ነክሼ በየት በኩል ልለፍ?

ታመሙ ሲባል ግን ማምለጫ አጣሁ። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ልጃቸው ወንበር ሰጥታኝ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ከስተዋል፤ እጃቸው ብቻ ያው ነው። አዩኝና ፈገግ አሉ። «ወደይ» አሉኝ፣ «ያን ቀን ከግድግዳው ጀርባ እንዴት ነበር የምትደበድባት!»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። «አወቁኝ እንዴ?» አልኳቸው።

«ጆሮዬን ያስተማረው ማን ነው? እናንተው አይደላችሁ? ማሽን ሊያስብ! እንደሱ ስል ነበር፣ ተነስቼ ልወጣም ነበር። ያንተን እጅ ስሰማ ጊዜ ግን፣ እሱ የሰውዬውን ሥራ ከውስጥ አይቷል፣ ወደይ ሽጪ ካለኝ አይዋሸኝም ብዬ ነው የሸጥኩት።» እጄን ያዙኝና፣ «ያ ሰውዬ አንተንም አታሎህ ኖሯል፣ አይደል?» አሉኝ።

ዓይናቸው ውስጥ ቂም ፈለግሁ፤ አጣሁ። ለእኔ ነበር ያዘኑት! መውጫውን ራሳቸው ከፍተው ሰጡኝ። እኔም ወጣሁበት። «አዎ» አልኳቸው። «እኔንም አታሎኝ ነው።»

«አይዞህ» አሉኝ። ጀርባዬን ደባበሱኝ፣ ከብርቱካኑ ልጠው አጎረሱኝ። በሳምንቱ ቀበርናቸው። ልጃቸው ለቀስተኛውን ሁሉ ትታ እኔ ትከሻ ላይ ነው ያለቀሰችው።

እንግዲህ ኃጢአቴ ያቺ «ይሽጧቸው» ብቻ ብትሆን ልጅነት ነበር፣ ድህነት ነበር ባልኩ። «አዎ» ስልስ? ያኔ ደሞዝ ከፋይ የለ፣ ግድግዳ የለ፣ እጄ እጃቸው ውስጥ ነበር። ይቅር ብለውኛል ብዬ እንዳልጽናና፣ ይቅር ያሉት አብሯቸው የተታለለውን ልጅ ነው። እንደዚያ ያለ ልጅ አልነበረም። ለልጄ አክሲዮኑን ግዢም አትግዢም አላልኳትም፣ ሁለተኛ ለማንም እንዲህ አድርግ ብዬ አልመክርም። ለልጃቸው ግን እውነቱን መንገር አለብኝ፣ ዛሬም ያው ላምበረት ናት፣ ለፋሲካ ትደውልልኛለች፣ ወንድሜ ትለኛለች። እስከዚያው እግዜር ይፍታህ እንዳትሉኝ።