በረግረጉ ዳር በሹክሹክታ የተሰበሰብን ቀን

ሆሳዕና፣ ሊነጋጋ ሲል

ላንድሮቨሩ የተነሣው የሆቴሉ ዘበኛና መንገደኞች ገፍተውልን ነው። ሹፌራችን አባተ መሪውን ይዟል። ከኋላ የወረዳው ካድሬ ጓድ ታደሰ የድምፅ ማጉያ ታቅፎ ተቀምጧል።

«ለወፍ ድምፅ ማጉያ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ያለ ስብሰባ ጉብኝት የለም፣ ጓድ።»

ከጊምቢቹ ወዲያ ደንና ረግረግ የተያያዙበት ቦታ አለ። ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ይፈለፍሉበታል ይባላል። ከአዲስ አበባ፣ ከዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተላክሁት ይህንኑ በዓይኔ እንዳረጋግጥ ነው። ጎጆአቸው ላይ ካየኋቸው ቦታው ይከለላል፤ ካላየሁ ውሃው በቦይ ይፈስና የአምራቾች ማኅበር እርሻ ይሆናል። ጓድ ታደሰ እርሻውን አጥብቆ ይፈልጋል።

ጊምቢቹ፣ ረፋድ

ቆጮ በአይብ በላን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተናል። እየበላን ስለ ባለ ዘውዶቹ ወፎች ሳወራ ጓድ ታደሰ አቋረጠኝ።

«ዘውድ በአብዮቱ ተገርስሷል። ጉትዬ በለው።»

አባተ ጉርሻው ትን አለው።

ረግረጉ፣ እኩለ ቀን

ገበሬው ሣሩ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። አቅርቦ ማያ መነጽሬን ከማኅደሩ ሳላወጣ ጓድ ታደሰ በማጉያው መፈክር አሰማ፤ ሕዝቡም ተቀበለው። ከቄጤማው ውስጥ ወፎቹ ግር ብለው ተነሡና ወደ ደኑ ገቡ። ያየሁት ጀርባቸውን ብቻ ነው። በጣም ተናደድኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ኤርሲዶ ወደ ካድሬው ቀረቡ። በበጋ ከብቶቻቸው ከዚህ ሌላ ውሃ የላቸውም።

«ጓድ፣ እንግዳው ወፍ ሳያይ ከተመለሰ፣ ጉብኝቱን ማን አሰናከለ ይባላል?»

ጓድ ታደሰ ፊቱ ተለዋወጠ። ማጉያውን አነሣ።

«ከአሁን ጀምሮ ድምፅ ያሰማ አሻጥረኛ ነው!»

እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ንግግሩ በሹክሹክታ ከፊት ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ወደ ሀዲይኛ ተተርጉሞ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ እየዞረ የመጨረሻው ረድፍ ይደርሳል። መፈክር ሲሆን ሁሉም አፉን ዘግቶ ቡጢውን ብቻ ያነሣል። ወፎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተመለሱ። አንዷ ጎጆዋ ላይ ስትቆም ከእግሯ ሥር ጫጩቶች ብቅ አሉ። ደስታዬ እንባዬን አመጣው።

የመጨረሻው አጀንዳ ረግረጉን ማድረቅ ነበር። በዘመናችን ውሳኔ የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው።

«የምትደግፉ» ሲል ጓድ ታደሰ አንሾካሾከ።

ሰው ሁሉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ካድሬው ጭብጨባውን ሊያስጀምር ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

«ጓድ፣ ወፎቹ» አሉት አቶ ኤርሲዶ በቀስታ።

እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተታቸው። ከዚያ በእግር ጣታችን እየረገጥን ተበተንን።

ሆሳዕና፣ ማምሻውን

መንገዱን ሙሉ ጓድ ታደሰ ማጉያውን እንደታቀፈ ደጅ ደጁን ያያል። ጭብጨባ ወፍ በማያስደነግጥበት አዳራሽ ውስጥ ሌላ ስብሰባ ሊጠራ ያሰበ መሰለኝና ፈራሁ። ሆቴሉ በር ላይ ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ።

«ስንት ጫጩት ብለህ ነው የምትጽፈው?»

«ሁለት።»

ግራ ቀኙን አየ። አሁንም ያንሾካሹካል።

«ሦስት ናቸው። አንዱ ከእናቱ ክንፍ ሥር ነበር።»