የውርጌሳው ሚኒባስ

ባትላሜራ የሆንኩት መርጬ አይደለም። ከመርሳ ተነስቼ ወልድያ ለሙያ ሥልጠና ልመዘገብ ስሄድ፣ የፈለግሁት የሒሳብ አያያዝ ክፍል ሞልቶ ጠበቀኝ። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል «የመኪና ቦዲ ጥገና ቦታ አለ፤ ትገቢያለሽ?» አለኝ። ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ውዬ ዝዬ ነበርና እሺ አልኩ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ግራ ገባት።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«የተጋጨ መኪና ማቃናት።»

«እና ሰው ሲጋጭ ልትበዪ ነው?»

የምዝገባ ወረቀቴን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

አሰልጣኛችን ትከሻው የጎበጠ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰብስቦን፣ «ከዚህ የወጣ ሰው ባትላሜራ ይሆናል፤ ቀለም ቀቢም ይሆናል። የሚቀናው ለኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ሆኖ ይቀጠራል፤ አቅም ያለው የራሱን ጋራዥ ይከፍታል። አንዱም ያልሆነለት እንደ እኔ ያስተምራል» አለን። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

የምንማረው ከአንድ አሮጌ መኪና በተነቀለ በር ላይ ነበር። ራሳችን በመዶሻ እናጎደጉደዋለን፤ ራሳችን መልሰን እናቃናዋለን። ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲያደርጉት ስለኖሩ ላሜራው ሳስቶ አንዱን ጎን ሲመቱት በሌላው ያብጥ ነበር። ቀን ሙሉ ስንቀጠቅጥ ውለን ስንወጣ የባጃጆቹ ጥሩምባ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኛል።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት እዚያው መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ያለ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመዶሻ ብዛት አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ክንዴን ሳሽ ሲያዩኝ «አብሽሪ ልጄ፣ ክንድስ ይለምዳል፤ ወገብ ነው እንጂ የማይለምደው» ይሉኛል። ልምምዱን ስጨርስ ሌላ ሥራ አላገኘሁም፤ እሳቸው ዘንድ ቀረሁ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሚኒባስ ከውርጌሳ ተጎትቶ መጣ። መንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላትሞ የቀኝ ጎኑ እስከ በሩ ድረስ ተጨማዷል። ጋቢና ተቀምጦ የነበረው የሹፌሩ ሚስት ወንድም ነው። እዚያው ሞቷል።

ሹፌሩ በማግስቱ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። የመኪናው ባለንብረት ደሴ ስለሚኖር እንዲጠብቅለት የላከው መስሎን ነበር። ግን ማንም አልላከውም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያየን ይውላል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ያንን ጎን መጨረሻ ላይ ብታደርጉት?» አለ። ሽማግሌው ስላልሰሙት እኔ ደገምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ከተጫጫረው ከግራው ጎን እንድንጀምር አዘዙ።

እጁ ሲሻለው ዝም ብሎ ተነሳና የብርጭቆ ወረቀት አንስቶ አጠገቤ መሞረድ ጀመረ። ማንም ሥራ አላለውም፤ ተው ያለውም የለም። ከቀናት በኋላ፣ ዓይኑን ከላሜራው ሳይነቅል፣ «ሚስቴ ለቀብር ግራና ከተማ ወላጆቿ ዘንድ እንደሄደች ቀረች» አለኝ። «ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ በር ላይ ነው የተቀመጥኩት። ግባ ያለኝ የለም።»

«አንተ አስበህ አላደረግኸው» አልኩት።

«እሱማ አላሰብኩም። ደክሞኝ ነበር። ደክሞኛል ብዬ መቆም ነበረብኝ።»

ስለ ድካም እኔም ትንሽ አውቅ ነበር። የብርጭቆ ወረቀቱ አልቆበት ስለነበር አዲስ ቀድጄ ሰጠሁት።

በመጨረሻ የቀኙን ጎን ሠራነው። ጎትተን አወጣነው፣ የተቀደደውን በየድን፣ መዶሻ ያላስተካከለውን በስቱኮ ሞላን። ስቱኮውን ሞርደን ለቀለም ባዘጋጀንበት ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት ከታክሲ ወርዳ ገባች። ማንነቷን ሳትነግረኝ አወቅሁ።

«የውርጌሳው መኪና የትኛው ነው?»

አሳየኋት። ወደ ቀኙ በር ሄዳ ቆመች። መዳፏን ስቱኮው ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ያለሰለስኩት እኔ ነኝ፤ ጣት የሚይዝ ነገር አልነበረውም።

«እዚህ ጋ ነው የነበረው?»

«አዎ፣ እህቴ።»

«ምንም ያልሆነ ይመስላል እኮ» አለች።

በሥልጠናው ጊዜ አሰልጣኛችን የሚያሞግሰን እንደዚሁ ብሎ ነበር። የዚያን ዕለት ግን እጄን የት እንደማደርገው ቸገረኝ።

ባሏ ከመኪናው ኋላ ብቅ አለ። ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ ፀጉሩ ሁሉ በስቱኮ ብናኝ ነጥቷል። ያረጀ ሰው መስሏል። ከበሩ ዞራ ወደ እሱ ተራመደች። ልትጮህበት ነው ብዬ ፈራሁ።

«ምሳ በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም።»

«ታጠብና ና።»

ሽማግሌው ራሳቸው ጀሪካኑን አንስተው ውኃ አፈሰሱለት። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ሆነው ወጡ።

መኪናው ተቀብቶ ሲያልቅ ባለንብረቱ ደውሎ ሹፌሩ ይዞት እንዲመጣ አዘዘ። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ከግቢው አወጣው፤ አስፋልቱ አፋፍ ላይ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ቁልፉን ሽማግሌው እጅ ላይ አኖረው። «ሌላ ሰው ይፈልጉለት» አለ። ከዚያ በኋላ ግራና ገብቶ የሚስቱን አባት መሬት እያረሰ እንደሚኖር ሰማሁ። እሱና ሚስቱ አብረው ናቸው።

አብረውኝ ከሠለጠኑት አንዱ ደሴ ጉዳት ገማች ሆኗል፤ ሌላው ሙያውን ትቶ ወልድያ ባጃጅ ይነዳል። ለእኔም እንዳሠለጥን ጥሪ መጥቶልኝ ነበር። አስቤበት ተውኩት። ሽማግሌው አሁን የሚመጡት ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሆነ ጋራዡን የምይዘው እኔ ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ ከፍ አይልልኝም፤ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ እህቴ ናት።

የሞተ ሰው የነበረበት መኪና ሲመጣ ግን ቀጥታ መዶሻ አላነሳም። ቤተሰቡ ማየት ይፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ አስጠይቃለሁ። አብዛኞቹ አይመጡም። የመጡ እንደሆነ ሠራተኞቹን ይዤ ከግቢው እወጣለሁ።