ለሁለት ሰይድ አንድ ፎቶ

ይህን ለሚስቴም ለእናቴም ተናግሬው አላውቅም። ለማላውቅህ ላንተ ልናገረው፤ ፊትህን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ የቀወትና የማጀቴ ልጆች ፎቶ የሚለጠፍበትን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ሰርቨር ሳዛውረው ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተትኳቸው። ከየስሙ በላይ ባዶ ሳጥን ቀረ። ፎቶዎቹን ያስቀመጥኳቸው በስምና በአባት ስም ነበር፤ የአያት ስም ማን ይጽፋል? ሁለት ሰይድ አህመድ ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተገልብጦ አጠፋው።

ሌሎቹን በየስማቸው መለስኩ። ከሁለቱ ሰይዶች የተረፈው የማጀቴው ነበር። አባቱ ጋሽ አህመድ በእጃቸው የሰጡኝን ፎቶ እንዴት እረሳለሁ? የጠፋው የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም። መጥፋቱን እኔው ነግሬያቸዋለሁ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ግን ጁምዓ በመጣ ቁጥር "ልጄ፣ የሰይዴ ፊት ተመለሰ ወይ?" ይሉኛል። ሰለቸኝ። አዎ፣ ሰለቸኝ! የማጀቴውን ፎቶ በልጃቸው ስም ላይ ለጠፍኩና "ተመልሷል፣ እትዬ" አልኳቸው። አያዩማ! ሰፈራቸውም ድረ ገጹን ከፍቶ የሚያይ የለም። ስክሪኑን በጣታቸው እየዳሰሱ መረቁኝ። አንድ ፊት ሁለት ቦታ ታይቶ እንዳይነቃብኝ የማጀቴውን ስም ያለ ፎቶ ተውኩት።

ከዚያ ከሳውዲ የተመለሰ አንድ ሰው ፎቶውን አየና ከሥሩ በተጻፈው የእትዬ ዘይነባ ጎረቤት ስልክ ደወለ። "ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እስር ቤት አብረን ነበርን፤ በሕይወት አለ" አለ። እኔ ስሰማ ሰፈሩ በእልልታ ተሞልቶ፣ በግ ታርዶ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። በጉን አብሬ በላሁ።

ማጀቴ ደግሞ ጋሽ አህመድ ልጄን ባሕር በልቶታል ብለው ሰደቃ አውጥተው ነበር። ባለፈው ረመዳን ሞቱ፤ ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ሳይሰሙ። ቀብራቸው ላይ ተገኝቻለሁ። አፈር አልብሻለሁ። እኔ!

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ከበደ። ብናገር የእትዬ ዘይነባን ልጅ የምገድለው እኔ ነኝ። ዝም ብል የማጀቴውን በቁሙ ቀብሬዋለሁ፤ እናቱ ዛሬም ታለቅሳለች። አላህን ማረኝ እንዳልል የሰው ሐቅ ነው፤ ይቅር ማለት የባለቤቱ ነው። አንዱ ባለቤት አፈር ውስጥ ናቸው።

እትዬ ዘይነባ ትናንት መጥተው "ለሰይዴ ሚስት አጨሁለት" አሉኝ። የልጅቷንም ስም ነገሩኝ።

"እንኳን ደስ አለዎት" አልኳቸው።