ነጎድጓድና ለስላሳው አልበም

ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ያለው ድምፁ ጎልቶ አይደለም፤ እሱስ ሲያወራ ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ስሙ የወጣለት ሶፋ በሚያድስባት ጠባብ ሱቁ ጧት ማታ ከሚከፍተው ሙዚቃ ነው። ፕሮግረሲቭ ሜታል ይሉታል፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው መንገድ ላይ እየተሰበረ ይሮጣል፣ ዘፋኙ ከሆዱ ያገሳል። እንደተጋቡ ሰሞን ሚስቱ መጀመሪያ ስትሰማው፣ ሰውየው ምን ሆኖ ነው፣ ሐኪም አላየውም ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም አላለችም። የሶፋውን ልብስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች፣ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ዓመታቱን ሁሉ አብራው ሰማች። እሱም ዝምታዋን ትዕግሥት ነው ብሎ ያዘው። ውለታዋ ይከብደው ነበር።

የሚወደው ባንድ ብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ አዲስ አልበም ሲያወጣ፣ እሑድ ከሰዓት ሁለት ወዳጆቹ ሱቁ መጡ። አንዱ ሒሳብ የሚያስተምር የልጅነት ጓደኛው ነው። ሌላዋ ከመንገዱ ማዶ ባለው ፋርማሲ የምትሠራ ባለሙያ ናት፤ ሙዚቃው አስፋልቱን ተሻግሮ ነው ከእነሱ ጋር ያወዳጃት። ጨርቅ ባልለበሰ ሶፋ ላይ፣ ቢጫው ስፖንጅ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ጀመር።

ጊታሩ የለም ማለት ይቻላል። ፒያኖ ነው። ያ ሲያገሳ የኖረ ሰውዬ ልጅ እንደሚያባብል አባት በስሱ ይዘፍናል።

መምህሩ እስከ አምስተኛው ዘፈን እንደ ምንም ቻለ፤ ከዚያ ግን ብድግ አለ። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር!» ወጣትነቱን ለእነዚህ ሰዎች ሰጥቶ፣ እነሱ ገበያ አይተው ተለሳለሱበት። ፋርማሲስቷ ዕድሜ ልኩን ያገሳ ጉሮሮ ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቀኝ አለችው፤ ያንኑ ቢደግሙለት ደግሞ ነጠፉ ብሎ የሚያማቸው እሱ ራሱ እንደሆነም ነገረችው። ማደግና ማርጀት ለየቅል ነው አላት። እንዲህ ሲባባሉ መደማመጡ ቀረ።

ነጎድጓድ ዝም አይነቅዝም ብሎ የሌላ ሶፋ ሞላ ያስር ነበር። እውነቱን ለመናገር አምስተኛው ዘፈን አንጀቱን በልቶታል፤ የስፖንጅ ብናኝ የገባበት መስሎ ዓይኑን በክርኑ ጠርጓል።

«አንተስ?» አለው መምህሩ።

«እኔ ወድጄዋለሁ።»

የመምህሩ ፊት ጠቆረ። ነጎድጓድ ደነገጠና ነገሩን ለማብረድ ሚስቱን መሸሸጊያ አደረጋት። ሌላው ቢቀር የሷ ጆሮ ከእንግዲህ ያርፋል፤ ስለ እሱ ስትል ጩኸቱን ስንት ዘመን ችላዋለች አለ።

ሚስቱ የመኪናዋን መርገጫ ለቀቀች። «ማን ነው የቻለው?»

ሦስቱም ዞሩ።

«እኔ የምሰፋው በዚያ በጩኸቱ ነው። ከበሮው ሲሮጥ እጄም አብሮት ይሮጣል። ይሄ እኮ ያስተኛል። ይኸው፣ ስፌቱ ጠመመብኝ» ብላ የትራሱን ልብስ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«እና እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ፋርማሲስቷ ናት። መምህሩም ኩርፊያው ከየት መጥቶ የት እንደገባ ሳያውቅ ሳቀ፤ ካልጠበቀው በኩል ወገን አግኝቷልና።

ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ሙዚቃ የምትመርጠው ሚስቱ ሆነች፤ ሥራ ሲያበቃና ነጎድጓድ የወዳደቀውን ምስማር ሲለቅም ደግሞ ለስላሳው ይከፈታል። መምህሩ በሳምንቱ መጣ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ መኪናውን እየነዳ ደግሞ እንደሰማው፣ አንዷ ዘፈን ምንም እንደማትል ተናገረ። ፋርማሲስቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

አሁን እሑድ እሑድ ሚስቱ መኪናዋን ትታ ከእነሱ ጋር ስፖንጁ ላይ ትቀመጣለች። ነጎድጓድ እስከዚያ ድረስ ከሚስቱ ጋር የሚከራከረው ስለ ጨርቅ ርዝመትና ስለ ደንበኛ ቀጠሮ ብቻ ነበር። ትናንት እሷና መምህሩ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ያ ፒያኖ እንቅልፍ እንጂ ሙዚቃ አይደለም ብለው ወጠሩት። መልስ አላጣም፤ ግን እሷ ክርክር ሲሞቃት እጇን እያወናጨፈች ስታወራ ማየቱ ስለጣመው፣ መልሱ ትንሽ ይቆይ ብሎ ጨርቁን መወጠሩን ቀጠለ።