መብራቱ በርቶ ነበር

ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል። ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። የሰው ቤት ገብቶ ተላጦ የተተወ ሽቦ ካየ፣ «ይሄን የሠራው ማን አባቱ ነው?» ብሎ ግድግዳው ላይ ይጮሃል። ጮሆ ሲጨርስ ተንበርክኮ፣ ሕፃን እንደሚጠቀልል ሰው ቀስ ብሎ ይሸፍነዋል። ደንበኞቹ ለምደውታል፤ «ፊውዝ ካልተቆጣ ሥራው አላለቀም» ይላሉ።

ሱቁ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ካውያዎችና ምድጃዎች ተኮልኩለዋል፤ ክፍሏ ዘወትር የተቃጠለ ፕላስቲክ ትሸታለች። አባቱ የሞተው እሱ ገና ጢም ሳያበቅል ነበር። ትምህርቱን ትቶ ካቻቪቴ ጨበጠ። ታናሽ እህቱን ያስተማራትም፣ በሠርጓ ቀን ክንዷን ይዞ የሸኛትም እሱ ነው። «ጋሼ» ስትለው ወንድምንም አባትንም በአንድ አፍ መጥራቷ ነበር።

ያገባችው የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌ ነው። ሰውየው ሲናገር ድንጋይ ያስለቅሳል። በተለይ ስለ ብርሃን ሲያስተምር የሚያክለው አልነበረም። በእግዚአብሔር ዘንድ ጨለማ እንደሌለ፣ የብርሃን ልጅ የሚደብቀው ነገር እንደማይኖረው፣ ክፉ የሚሠራ ግን ሥራው እንዳይገለጥ ብርሃንን እንደሚሸሽ ሲተነትን ምእመኑ መሀረብ ያወጣል። ፊውዝም አጠገቡ የተቀመጠውን በክርኑ ነካ አድርጎ፣ «አማቼ እኮ ነው» ይል ነበር። አዲስ አዳራሽ ሲሠራም የመብራቱን ሥራ በነፃ እሠራለሁ ያለው ደረቱን ነፍቶ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እህቱ ሱቁ መጣች። ቀኝ ክንዷን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሽ?»

«ከደረጃ ወድቄ ነው።»

ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ክሊኒክ ወሰዳት። ነርሷ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ ፊውዝን በጎሪጥ ተመለከተችው።

«ደረጃ ክንድ አይጠመዝዝም» አለች። «ባሏ አንተ ነህ?»

ፊውዝ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምቶ አያውቅም። ሊጮህ አፉን ከፈተ። እህቱ ግን አቀርቅራለች፤ ነርሷን «ኧረ ምን ማለትሽ ነው» አላለቻትም። ያኔ ገባው።

ጄሶው ታስሮላት ሲወጡ መንገድ ዳር አቆማት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ስለማውቅህ ነው ጋሼ። ትገድለዋለህ። ከዚያ እሱ ሰማዕት፣ አንተ ወንበዴ፣ እኔ ደግሞ ሁለታችሁን ያስጨረስኩ ሴት እሆናለሁ።»

እናታቸው ቤት አስገብቷት በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ቢሮ ሄደ። መጋቢው እጆቹን አጣምሮ ሰማው። አልደነገጠም። ፊውዝን ከምንም በላይ ያንገበገበው ይሄ አለመደንገጥ ነው።

«ታውቁ ነበር?» አለ።

«ሰምተናል። እየጸለይንበት ነው።»

«እየጸለያችሁበት! ክንዷ እኮ ነው የተሰበረው!»

«ወንድሜ፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። ፍቅር ይሸፍናል። አዳራሹ ሊመረቅ ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ጠላት የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።»

«እሱ መድረክ ላይ ቆሞ በብርሃን ተመላለሱ ይላል፤ እናንተ ከሥር ከሥሩ ትሸፍኑለታላችሁ። ታዲያ ጠላት ማነው?»

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል» አለ መጋቢው፤ ተነሥቶም በሩን ከፈተለት። «ስትረጋጋ እንነጋገራለን።»

እናቱ ቤት ተመልሶ ይንጎራደድ ጀመር። ክፍሏ ትንሽ ስለሆነች ገና ሳይራመድ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ግድግዳው በገጠመው ቁጥር በጡጫ ይለዋል። እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጄሶዋን እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«እሰብርለታለሁ! ያንኑ ቀኝ እጁን ነው የምሰብርለት!»

«ወንድሙን የሚጠላ በጨለማ ነው የሚሄደው ልጄ» አሉ እናቱ።

«አንቺም እማዬ? አንቺም ሸፍን ልትዪኝ ነው?»

«ሸፍን መቼ ወጣኝ? የጠላ ሰው የሚረግጠውን አያይም ነው ያልኩህ። መጥላትና መናገር ለየቅል ናቸው።» ከዚያ፣ «እኔ በአባታችሁ ላይ ዝም ብያለሁ» አሉ። «እሱም እጁን ያነሣብኝ ነበር። ሰው ሁሉ ደግ ሰው ብሎ ቀበረው፤ እኔም አብሬ ደግ ሰው ብዬ አለቀስኩ። ዝምታዬ ማንን አዳነ? ይኸው፣ የገዛ ልጄን እንኳ አላዳነም።»

እህቱ ቀና ብላ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ፊውዝ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ አባቴን ልምሰል ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን ቁጣውን የሚጥልበት ጠፋው። በአማቹ ተቆጣ፣ በመጋቢው ተቆጣ፣ በሞተው አባቱ ተቆጣ፣ ዝም ባሉት እናቱ ተቆጣ። ይሄን ሁሉ እያየ ዝም ባለው አምላክም ተቆጣ፤ ያንን ግን ጮክ ብሎ መናገር ፈራ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ሲገጥም አማቹ ብቻውን ገባ።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ቤቱ እኮ በራ!» አለው ቀና ብሎ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ፊውዝ ከመሰላሉ መቼ እንደወረደ ራሱም አያውቅም። የሰውየውን ኮሌታ ጨምድዶ ግድግዳው ላይ አጣብቆታል፤ በሌላው እጁ ፒንሳ ይዟል።

«ክንዷን እንዴት አድርገህ ነው የጠመዘዝከው? እስቲ አሳየኝ!»

«ሚስቴ ናት። በእኔ፣ በእሷና በአምላክ መካከል ያለ ነገር ነው» አለ አማቹ። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም የመድረክ ድምፁ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ምታኝ» አለ። «ምታኝና ሰው ሁሉ ይየው።»

እውነቱን ነበር። መመታት ይፈልጋል። ፊቱ ያበጠ ሽማግሌ መድረክ ላይ ቢወጣ የእህቱን ጄሶ ማን ዞር ብሎ ያያል? ፊውዝ እህቱ መንገድ ዳር ያለችው ነገር ትዝ አለው። ኮሌታውን ለቀቀ፤ ፒንሳውን ባዶ ወንበሮቹ መሃል ወርውሮት ወጣ። ለዚህ ሰው ሲያመሰግነው አይወድም፤ ያን ቀን አለመምታቱ እስካሁን ይቆጨዋል።

እሑድ አዳራሹ ተመረቀ። አማቹ ሰበከ፤ እንደተለመደው ስለ ብርሃን። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል እህቱ ከእናቷ ጎን ተነሣች። ጄሶዋን ያዩ ሴቶች «ከደረጃ ወድቃ ነው አሉ» እየተባባሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ማይኩን በግራ እጇ ተቀበለች።

«ከደረጃ አልወደቅኩም» አለች።

መጋቢው ለድምፅ ሠራተኛው በእጁ ምልክት ሰጠው። ማይኩ ጸጥ አለ። ፊውዝ ወንበሩን ገልብጦ ተነሥቶ ወደ ድምፅ ሠራተኛው ሲንደረደር እህቱ ከመድረኩ አየችው።

«ተቀመጥ ጋሼ! ድምፅ አለኝ!»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። አዳራሹ አዲስ ነው፤ ድምፅ ይቀበላል። ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ክንዴን የሰበረው ባለቤቴ ነው። የተናገርኩት ልበቀል ብዬ አይደለም። እሱ ስለ ብርሃን ሲያስተምር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አሜን ስል ኖሬያለሁ። ሰላም ነሽ ስትሉኝ ሰላም ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ጨለማ ማለት መብራት የሌለበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። እኔ የተመታሁት ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ መብራቱ በርቶ ነበር። መጋረጃው ብቻ ነው የተዘጋው። መጋረጃውን የዘጋው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። የሰሙ ዘግተውታል፤ እኔም ዘግቼዋለሁ። ጌታ የመጣው መጋረጃ ሊያሳምር ነው እንዴ? ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። የሚጸልይልኝ ካለ ለዚያ ይጸልይልኝ።»

አንድ ሰው ከመሃል «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው!» ብሎ ጮኸ። መዘምራኑ ታዝዘው ይሁን ደንግጠው መዝሙር ጀመሩ፤ ግማሾቹ ግን አፋቸው አልከፈትም አለ። እናቷ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወጥተው ጎኗ ቆሙ። ከኋላ ረድፍ ደግሞ አንዲት ማንም ያልጠበቃት ሴት፣ የመዘምራኑ አለቃ ሚስት፣ ቃል ሳትተነፍስ ወጥታ በሌላው ጎኗ ቆመች። ለምን እንደወጣች የጠየቃት የለም። ባሏ ግን መዝሙሩን አቆመ።

ሰው የሚመኘው ዓይነት ፍጻሜ አልመጣም። አማቹ «ለጊዜው ከአገልግሎት ዐርፏል» ተባለ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነህ አለው፤ ቅጣቱ ግን በመቅለሉ ፊውዝን አደባባይ ላይ ያስጮኸ ነበር። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዳንዱ «ቤቷን በአፏ አፈረሰች» ይላል፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ አቅፎ ይስማታል። ክንዷ ጥቂት ጎብጦ ዳነ። እናቷ ጋ ገብታ ልብስ ትሰፋለች።

ፊውዝ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን እግሬ አይረግጥም» ብሎ ማለ። እህቱ ግን ጄሶው በተፈታ ሳምንት ለእሑድ ጫማዋን ስታጸዳ አገኛት።

«ወዴት ነው? ማይክ የዘጉብሽ ሰዎች ጋ?»

«አዎ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ቤቱ የነሱ ነው እንዴ ጋሼ? እኔ መጀመሪያም የሄድኩት እነሱን ብዬ አይደለም።»

«ግትር!»

«በማን ወጣሁና?»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እስከ በሩ ይሸኛታል። እሷ ትገባለች፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይነጫነጫል። እናቱ ጥላቻው ለቆት እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «ጠዋት አምላክን ውሰድልኝ እለዋለሁ፤ ከሰዓት ጥላቻው ራሱ ተመልሶ ይመጣል» ይላቸዋል።

አንድ እሑድ መጋቢው በሩ ላይ አገኘው። «ግባ እንጂ ወንድሜ፤ ፀሐዩ አልበረታብህም?»

«መጀመሪያ እህቴን ይቅርታ ይጠይቋት። በዚያው መድረክ ላይ፣ በዚያው ማይክ። ያኔ እገባለሁ።»

መጋቢው ፈገግ ብሎ አለፈ። ፊውዝ እስከ ዛሬ አልገባም።