ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሰው

በእምነታችን ገድ የሚባል ነገር የለም። እግረ ደረቅ፣ እግረ እርጥብ የሚሉትን ወሬ ጌታን የተቀበልኩ ዕለት ትቼዋለሁ፤ ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ማይክ ይዤ መስክሬያለሁ። ባለፈው ሰመር ግን አንድ ሽማግሌ የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን ዋንጫ ሊያሳጡት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ቤዝቦልን ያስተማሩኝ እኚሁ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ናቸው። ካልጋሪ እንደገባሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። እዚህ አገር መጀመሪያ ያገኙት ሥራ ስታዲየሙን ማጽዳት ስለነበር፣ መጥረጊያ እንደያዙ ቆመው እያዩ ጨዋታውን አጥንተውታል። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰመር ሲመጣ ጨዋታ አብረን ለመሄድ የእኔን ስልክ ይጠብቃሉ። እኔም ከእሳቸው ሌላ አባቴ የምለው ሰው እዚህ የለኝም። ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ነገሩ የጀመረው እንደ ቀልድ ነው። ሰንሪጅ ከምሠራበት የጫማ ሱቅ ወጥቼ ብቻዬን ስታዲየም የሄድኩ ቀን እናሸንፋለን፤ ከጋሼ ጋር የሄድኩ ቀን እንሸነፋለን። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ሌላውም ትዝ ይለኝ ጀመር። አዲሷን መኪናዬን የጸለዩላት ሳምንት ፓርኪንግ ውስጥ ገጯት። የቤተ ክርስቲያኑን ፒክኒክ በጸሎት የከፈቱ ዕለት የእንቁላል አስኳል የሚያህል በረዶ ወረደብን። ካልጋሪ ውስጥ በረዶ የማይወርድበት ሰመር የለም፤ እኔ ግን በእሳቸው ላይ ቆጠርኩት።

ለዋንጫው የቀረው ሦስት ጨዋታ ነበር፣ ሁለቱን ያሸነፈ ይወስደዋል። ዓርብ ዕለት ጋሼ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራቸው ብቻዬን ሄድኩ። አሸነፍን። ቅዳሜ አብረን ሄድን።

ከሩቅ የመጣ የጫካ ቃጠሎ ጭስ ከተማው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ፀሐይዋም ቀልታለች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የእያንዳንዱን ኳስ መቺ ውጤት ይጽፋሉ። አምስተኛው ዙር ላይ በሦስት ነጥብ ተመራን። እኔ ኳሱን ትቼ እግራቸውን አያለሁ። በደንብ የተቦረሸ ጥቁር ጫማ አድርገዋል። አንድ ሰው ጫማ አድርጎ በመቀመጡ እንዴት እንደሚያናድድ ያን ቀን ገባኝ።

«ጋሼ፣ ውሃ ቢያመጡልኝ» አልኳቸው።

እኔ ባደግኩበት ቤት ታላቅ ሰው አይላክም። ታላቅ ሰው ለብርጭቆ እጁን ከዘረጋ እንኳ ዘለን እንነሣ ነበር። ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ትንሽ አዩኝ።

«እሺ» ብለው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ የእኛ መቺ ኳሷን ከአጥር ማዶ ላካት። ሁለት የእኛ ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ሆነው ይጠብቁ ስለነበር ከመቺው ጋር ሦስቱም ዞረው ገቡ፤ ሦስት ነጥብ አገኘንና እኩል ሆንን። ተነሥቼ ጮህኩ። ከዚያ ዞር ብዬ፣ ጋሼ እንዳይመጡ እየፈራሁ፣ ደረጃውን አየሁ። ከላይ፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ውሃ ይዘው ቆመዋል። አይወርዱም። ያላየሁ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። በኋላ ወርደው ውሃዬን ሰጡኝና ተቀመጡ። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ተሸነፍን።

እሑድ ከሰዓት፣ አምልኮ አልቆ ስንወጣ፣ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ነገ በዓል አይደለም? በስንት ሰዓት ልጠብቅህ?»

«ጋሼ፣ ትኬቱ እኮ ተሽጦ አለቀ፣ ሶልድ አውት ሆነ። እኔም የሥራ ሺፍት አለብኝ።»

አንዱ ውሸት ይበቃ ነበር። ሁለቱን መደርደሬ ለራሴም ታወቀኝ።

«አይዞህ፣ በሬዲዮ እንሰማዋለን» አሉኝ።

ትኬቴ ስልኬ ውስጥ ነበር። ካስልሪጅ ቤቴ እስክደርስ ያን «አይዞህ» ሳገላብጠው ነበር። አምነውኝ ነው? ወይስ አውቀውብኝ ነው? ጭራሽ እሳቸው እኔን በመጠርጠራቸው ተናደድኩ።

ሰኞ ዕለት ስታዲየም ገብቼ፣ አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ጨዋታውን በቅጡ አላየሁትም። አሸነፍን፣ ዋንጫውን ወሰድን። ሰው ሁሉ ከጎኑ ያለውን ሲያቅፍ እኔ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ወደ ባቡሩ ስሄድ መንገዱ በሜዳው ጀርባ፣ በሽቦው አጥር በኩል ያልፋል። ጋሼ እዚያ ነበሩ። አንድ እጃቸውን ሽቦው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ለምን አልገቡም?»

«ትኬትማ ነበር፣ በሩ ላይ ጠይቄአለሁ። ግን ገብቼ ደግሞ ይሸነፉ? ከዚህ ልየው አልኩ። ቅዳሜ ስትልከኝ ነገሩ ገብቶኛል። ደረጃው ላይ ሆኜ እንዴት ደስ እንዳለህ አየሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ገድ የሚባል ነገር የለም። እኛ እኮ አማኞች ነን።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ባለቤቴ ስትሞት ሰው ገደ ቢስ ነው እያለ ሲያማኝም እንደዚያ ነው ያልኩት። ግን ይኸው እኔ ቀረሁ፣ እነሱ አሸነፉ።» የተቆጡ አይመስሉም፤ ሒሳቡ የገጠመለት ሰው ነበር የሚመስሉት። «ቶሮንቶ ያለችው ልጄ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። እንድመጣ ትፈልጋለች። ባልሄድ ይሻላል መሰለኝ።»

«ጋሼ፣ ይሂዱ። ተራ ወሬ ነው።»

«ከልብህ ነው?»

ወዲያው መመለስ ነበረብኝ። ከአጥሩ ማዶ ሰዉ አሁንም ይዘፍናል፣ ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ይዘው ይዞራሉ፤ እኔም አየኋቸው።

«ከልቤ ነው» አልኩ፣ ግን ዘግይቼ ነበር። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባቡሩ አብረን ሄድን። የልጅ ልጃቸውን እስከ ዛሬ የሚያዩት በስልክ ነው።