ከመጽሐፉ ራስጌ

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከመጽሐፉ ራስጌ ተቀምጬ ነው። ይህን ስል የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ። የኔታ ዘንድ ስንማር ለአራት ልጅ አንድ ዳዊት ነበረን። ዳዊቱን ያመጣው ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ፣ እኔ ከማዶ። ፊደሉ ሁሉ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ነው የታየኝ፤ እንደዚያው ለመድኩት። የኔታ ይህን ያውቃሉ። አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ሲደግም፣ ሁሉንም በየደረሰበት ነበር የሚይዙት። ስሳሳት አለንጋ ያቀምሱኛል እንጂ በተቀመጥኩበት ተቆጥተውኝ አያውቁም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ንፋስ መውጫ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ ሲባል አባቴ ሰማና ይዞኝ ሄደ። መምህሩ ከሌላ አገር የመጣ፣ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ማንበብ ከቻልኩ ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስገባኝ ነግሮኝ መጽሐፍ ሰጠኝ። ተቀበልኩ፤ ዘቅዝቄ ያዝኩ፤ አነበብኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

«በአናቱ ተከለው!» አለ አንዱ።

መምህሩ በቃሉ አጥንቶት ነው ብሎ ሌላ ገጽ ገለጠ። ያንንም ዘቅዝቄ ተወጣሁት። ይህኔ ደስ ሊለው አይገባም ነበር? እሱ ግን መጽሐፉን አቃንቶ እጄ ላይ ጫነው። ሲቃና ፊደሉ ባዕድ ሆነብኝ፤ አንዱንም መለየት አቃተኝ። መዳፌን በማስመሪያ መታኝና ሀ ሁ ከሚጀምሩት ሕፃናት ጋር አስቀመጠኝ።

በማግሥቱ አባቴ ነጠላውን አደግድጎ መምህሩ ፊት ቆመ።

«ጌታው፣ ልጁ ያነባል አያነብም?»

«ያነባል።»

«ታዲያ ጥፋቱን ያስረዱኝ።»

«እንደ ሰው አያነብማ» አለው።

እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እኔ ሰው አልነበርኩም? ገብስና ስንዴ እንኳ እኩል አይደርስም፤ እሱ ግን የልጅ ነገር ባንድ ልክ ካልተቆረጠ ይላል። እንዲህ ማንበብ ማን አስተማረህ ብሎ ቢጠይቀኝ እኮ ባንድ ቃል እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።

አባቴ ይዞኝ ወደ ቤት ተመለሰ። መንገድ ላይ፣ ታገሥ፣ ከሕፃናት ጋር ብትቀመጥ ምን ትሆናለህ እያለ መከረኝ። አልመለስም አልኩ። ሦስት ቀን ለመነኝ፤ በአራተኛው እርፍ አስጨበጠኝ፤ ትምህርቴም እዚያው ቀረ። ተሳስቼ ይሆናል። ብመለስ ኖሮ ሌላ ሰው ይወጣኝ ነበር ይሉኛል። ግን ማንበብ እያወቅኩ፣ እንደማያውቅ ሰው ሀ ሁ ልበል? ዛሬም አልልም።